የመቀመጥ ተራ

በእትዬ ኤልዳና ቤት ጠዋት ከ«እንዴት አደርሽ» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ዛሬ የመቀመጥ ተራ የማን ነው?» የሚል ነው። ተራው የልጃቸው የሽታዬ ከሆነ፣ ሽታዬ ሳሎኑ መሐል በርጩማ ላይ ቁጭ ትላለች፤ እናትየው ቆመው ይጠርጋሉ፣ ቆመው ያበስላሉ፣ ቆመው ፀጉራቸውን ይሠራሉ። ተራው የእናትየው ሲሆን ደግሞ በተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከቆሙ መብራቱ ይጠፋል።

ዘመኑ 2091 ዓ.ም. ነው። ቤቱ አራዳ ውስጥ ያለ፣ የእትዬ ኤልዳና ቅድመ አያት የሠሩት፣ ባለ ጣውላ በረንዳ የጭቃና የእንጨት ቤት ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ታደሰ። ያኔ ማደስ ማለት ግድግዳውን ጠግኖ መብራት ማልበስ ነበር፤ ከተማው ውስጥ መብራት ያልተነደፈለት አሮጌ ቤት አልቀረም፤ የአንዱ ቤት መብራት ጠባይ ግን ለሌላው እንግዳ ነበር። መስኮቶቹ ተደፈኑ፣ ፀሐይ ቀለም ትበላለችና። ማብሪያ ማጥፊያው ተነቀለ፣ የሰው ጣት ግድግዳ ያቆሽሻልና። በእነሱ ፈንታ ግድግዳና ጣሪያ በሚጋጠሙበት ቦታ የተሰወረ ብርሃን ገባ፤ ማን እንደተቀመጠ፣ ማን እንደቆመ እያየ በራሱ የሚበራ፣ በራሱ የሚጠፋ።

በሩ ላይ የተሰቀለው የነሐስ ሰሌዳ «ይህ ቤት እንግዳውን በክብር ይሸኛል» ይላል። የመብራቱ ነዳፊ መሐንዲስ ኬብሮን የሚባል፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረ ሰው ነው። ሐሳቡም ይሄ ነበር፦ ቤት ውስጥ ካለው ሰው ከግማሽ በላይ ብድግ ካለ እንግዶች ሊሄዱ ነው ማለት ነው፤ ብርሃኑም አብሯቸው ቀስ ብሎ ይሰናበታል። ነፍሱን ይማረውና፣ መሐንዲሱ አርባ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ያደገ ነው ይባላል። ሰው የሚነሣው ለመሄድ ብቻ ይመስለው ነበር።

ቤቱ ቅርስ ስለሆነ ሌላ መብራት ማብራት ክልክል ነው። እትዬ ኤልዳና አንድ ጊዜ ጧፍ ቢለኩሱ ጣሪያው ጮኸ፤ አራት ጥበቃዎች በድሮን ወርደው ጧፉን እፍ ብለው አጥፍተው፣ ፈርመው፣ አስፈርመው ሄዱ። ግቢው ደግሞ የጎብኚ ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ ሽንኩርት የሚልጥ ሰው በቀን ሦስት መቶ ጊዜ ፎቶ ይነሣል።

ሰው ግን የማይለምደው ነገር የለም፤ እነሱም ለምደውት ነበር። ችግሩ የመጣው ሽታዬን የሚወዳት ሰው ሲመጣ ነው።

አጥናፉ ይባላል፤ ድሮን ጠጋኝ ነው። (በዚያ ዘመን አሮጌ ነገር ሁሉ ፋሽን ስለነበር ወላጆች ለልጆቻቸው የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ነበር የሚያወጡት። ስለዚህ ወጣቶቹ ሽታዬና አጥናፉ፣ አረጋውያኑ ኤልዳና፣ ናታንና ባሮክ ሆነው ቁጭ አሉ።) ሦስት ዓመት ሙሉ «ሽማግሌ ልላክ?» ሲላት፣ ሽታዬ ሦስት ዓመት ሙሉ «ቆይ» አለችው። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ለእናቷ የምትሰጠው መልስም አንድ ነው፦

«እኔ ከሄድኩ ማን ይቀመጥልሻል?»

እውነቷን ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ሲቆም፣ ለዚያ መብራት የቤቱ ሰው በሙሉ ሊሄድ ተነሥቷል ማለት ነው። እትዬ ኤልዳና ብቻቸውን ከቀሩ ዕድሜያቸውን በሙሉ ወይ በጨለማ ይቆማሉ፣ ወይ በባለ ጎማ ወንበር እየተንፏቀቁ ይኖራሉ።

«እንፏቀቃለኋ!» አሉ እትዬ ኤልዳና በመጨረሻ፣ ተቆጥተው። «ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ በኋላ ብንፏቀቅ የት ልደርስ? አንቺ ግን እኔን ልታበሪ በርጩማ ላይ አርጅተሽ ካየሁሽ መሬት አይቀበለኝም። ይላክ በይው!»

ሽታዬ አልቅሳ አልቅሳ እሺ አለች። አጥናፉም ላከ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። መሪያቸው አባባ ባሮክ የሰማንያ አራት ዓመት ሰው ናቸው፤ የሰፈሩን ትዳር ግማሹን ያቆሙት እሳቸው ናቸው፣ ገሚሱንም ከፍቺ የመለሱት እሳቸው። እትዬ ኤልዳና አሥራ አንድ ዘመድ ሰብስበው፣ አስቀምጠው፣ «አደራ፣ በሞቴ፣ ሲገቡ ማንም እንዳይነሣ» ብለው ነበር። ሁሉም «ገብቶናል» አለ። በሩ ተከፈተ። «እንደምን ዋላችሁ» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ። ቤት ሙሉ ሰው «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ።

መብራቱ ድርግም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጨለማ ተደናቅፈው መጠጥ የተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ወደቁ። የዚያን ቀን ጉዳዩ ሳይነሣ ቀረ።

በሁለተኛው ቀጠሮ እትዬ ኤልዳና ዘመዱን ወደ ሰባት ቀነሱ። እንደገና ተነሡ፣ እንደገና ጨለመ፤ ግን ቶሎ ስለተቀመጡ መብራቱ ተመለሰ። አባባ ባሮክ እንደ ወጉ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ንግግራቸውን ጀመሩ። «ልጃችሁን ለልጃችን...» ከሚለው ላይ ሲደርሱ በሩ ተንኳኳና አንዲት የዘገዩ አክስት «ይቅርታ፣ ታክሲ አጥቼ» እያሉ ገቡ። ቤት ሙሉ ሰው «ኖር!» አለ።

በጨለማው ውስጥ የአባባ ባሮክ ድምፅ ብቻ ተሰማ። «እኔ በዕድሜዬ ልጃችሁን ስል ጨልሞብኝ አያውቅም። እንግዲህ ሦስት ጊዜ መመላለስ የአባት ነው፤ በሦስተኛውም እንመጣለን። በሦስተኛውም ከጨለመ ግን ትእዛዙ ከላይ ነው ብለን እንተወዋለን።»

ሦስተኛው ቀጠሮ ለእሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተቆረጠ። ነገሩን ለሽማግሌዎቹ አስቀድሞ ማስረዳት አይቻልም ነበር፤ የሴቷ ወገን ለሽማግሌ ከላከ «ልጃቸውን ውሰዱልን አሉ» ይባላል። አጥናፉም እንዳይነግር፣ ሽማግሌ የላከ ሰው ሽማግሌ አያስተምርም።

እትዬ ኤልዳና ሰኞ ጠዋት የጥንታዊ ብርሃን ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ውብሸት የሚባለው ወጣት ባለሙያ ሲገቡ ሲያያቸው ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ኖር እማማ! ይቀመጡ» አላቸው። ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ላይ ስለሆነ መብራቱ ምንም አላለም። እትዬ ኤልዳና ጣሪያውን በቅናት አዩት።

«ልጄ፣ ያንን መብራት ለአንድ ቀን፣ ለአንዲት ቀን ብቻ፣ እንዳይጠፋ አድርጉልኝ።»

ውብሸት መዝገቡን ከፈተ፤ ፊቱ ጠቆረ። «አይቻልም እማማ። መብራቱ ባለፈው ዓመት አርባ ዓመት ሞላው።»

«እንኳን አደረሰው። እና?»

«እሱም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።»

እትዬ ኤልዳና መዝገቡን ወደ ራሳቸው አዞሩት። «ቅርሱ ቤቱ ነው ስትሉኝ አልነበር? መብራቱ ቤቱን ሊያሳይ አይደል የገባው?»

«ልክ ነው። አሁን ግን ቤቱ ነው መብራቱን የሚያሳየው። መብራቱን መነካካት ግድግዳውን ከማፍረስ እኩል ያስቀጣል።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ሰዎቹን ያስተካክሏቸው» አለ ውብሸት፣ ከልቡ አዝኖ። «ሰው ቅርስ አይደለም፤ ሰውን ማስተካከል ይቻላል። እንዲያውም መመሪያ አለን።» ባለ አርባ ገጽ መጽሐፍ ሰጣቸው። «ተቀምጦ ስለ መቀበል» ይላል። ሊወጡ ሲሉ ውብሸት ሊሸኛቸው ተነሣ።

«አየህ?» አሉት እትዬ ኤልዳና።

«አየሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። እስከ ደረጃው ድረስም ሸኛቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ሆነ። ሰባቱ ዘመዶች ተሰበሰቡ። ከፊት የተቀመጡት ጋሽ ናታን፣ የሟች ባላቸው ወንድምና የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ወፈር ያሉ፣ ሳቂታ፣ ለመነሣት ግን ከሁሉ የሚፈጥኑ። እትዬ ኤልዳና ሽማግሌ መስለው ከውጭ ይገባሉ፤ እነሱ እንደተቀመጡ «እንኳን ደህና መጡ» ይላሉ። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

ገቡ። ድርግም።

ወጥተው ተመልሰው ገቡ። ድርግም።

በአምስተኛው ላይ እትዬ ኤልዳና በጨለማ ውስጥ ጮኹ። «ናታን! አንተ ነህ የምታስነሣቸው! ቀድመህ ትነሣለህ፣ ይከተሉሃል!»

«ኤልዱዬ ሙች፣ እኔ አልተነሣሁም። ተነሣብኝ እንጂ።»

«ምኑ?»

«እሱን ለሴት አይናገሩም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ኤልዳናም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ተበላሸ። «ትስቃላችሁ» አሉ። «ነገ ከጨለመ ልጄ በርጩማው ላይ ቀረች። ከነገ ወዲያ ጸሎቴ ሁሉ ቶሎ ልሙትላት የሚል ነው የሚሆነው። እስቲ ሳቁ።»

ሽታዬ ከጓዳ ወጥታ የሟች አባቷን ቀበቶዎች፣ ሁለት መቀነትና አንድ የሻንጣ ማሰሪያ ይዛ መጣች። ጋሽ ናታን ፊት ተንበረከከች፤ ወገባቸውን ከወንበሩ ጋር ጥፍር አድርጋ አሠረቻቸው።

«ጠበቀ?» አለች።

«ወለል ላይ ብትቸነክሪኝም አልቀየምሽም» አሉ ጋሽ ናታን።

እትዬ ኤልዳና ወጥተው ገቡ። ሰባት ሰው «ኖ...» ብሎ ተወጠረ፣ ቀበቶው ጎተተው፣ ተመልሶ ተቀመጠ። መብራቱ ደመቅ ብሎ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ እልል ተባለ፤ እሱም ተቀምጦ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሰባቱም ታሥረው ነበር። እትዬ ኤልዳናም ስምንተኛ ሆነው በራሳቸው መቀነት ታሠሩ፤ በራሳቸው እግር አልተማመኑም። ሽታዬ እንደ ወጉ ጓዳ ገብታ ቁጭ አለች። የውጭው በር ተዘግቶ፣ ሳይቆለፍ ተተወ።

«ቤቶች!» አሉ አባባ ባሮክ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ፤ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ። ስምንት ሰው እንደተቀመጠ፣ ፊቱ በላብ ተነክሮ፣ ጥርሱን ነክሶ ተቀበላቸው።

«እንኳን... ደህና... መጣችሁ» አሉ ጋሽ ናታን፤ ድምፃቸው ሲያምጥ የከረመ ሰው ድምፅ ነው።

መብራቱ አልጠፋም። ሰሌዳው ላይ እንደተጻፈው ክብር ያለው ብርሃን ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ማር የመሰለ። በዚያ ብርሃን የአባባ ባሮክ ፊት ቀስ እያለ ሲለወጥ ሁሉም አየ። መጀመሪያ እስኪነሡላቸው ጠበቁ። ከዚያ ሁለቱን ጓደኞቻቸውን ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ስምንቱን ሰዎች አንድ በአንድ፣ ከታናሹ እስከ ታላቁ አዩ።

«ታመሃል ወይ ናታን?» አሉ።

«ደኅና ነኝ አባባ።»

«እግርህንስ?»

«ደኅና ነው።»

«እሺ» አሉ አባባ ባሮክ። «ሰማንያ አራት ዓመት ኖሬ፣ የተጣላኝ ሰው ቤት ስገባ እንኳ ተነሥቶልኛል። ጨለማውን ችዬ ነበር፤ ጨለማ የማንም እጅ የለበትም ብዬ። ይሄኛው ግን የሰው እጅ አለበት። እንግዲህ ልጃችሁን አንሰጥም ማለታችሁ ነው፤ በአፍ ብትነግሩን ይቀለን ነበር።» ዞሩ።

እትዬ ኤልዳና «አባባ፣ መብራቱ...» ብለው ጀመሩ።

«ለመብራት ተብሎ ነው ሰው የሚናቀው?» አሉ አባባ ባሮክ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ። ከዘራው በሩ ጋ ደረሰ።

እትዬ ኤልዳና ጣሪያውን አዩ፤ የጓዳውን በር አዩ። ከተነሡ ይጨልማል፤ ከጨለመ ሦስተኛው ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ መጨረሻው። ካልተነሡ አንድ ሽማግሌ ከአባታቸው ቤት ተዋርዶ ሊወጣ ነው። የሽታዬ ሠርግ፣ የልጅ ልጅ፣ የዚያ ሁሉ ዓመት በርጩማ ባንድ ጊዜ ዓይናቸው ላይ መጣ።

«የመጣው ይምጣ!» አሉና «ኖር አባባ!» ብለው ተነሡ። ወንበሩ አብሮ ተነሣ።

የቀሩት ሰባቱ ይህችን ብቻ ነበር የሚጠብቁት። «ኖር!» የሚል ድምፅ ቤቱን አናጋው፤ ስምንት ሰው ከነስምንት የጣውላ ወንበሩ ብድግ አለ፤ እግር ከእግር፣ ወንበር ከወንበር ተላተመ፣ አንድ ማሰሪያ ጧ ብሎ ተበጠሰ። መብራቱም ድርግም አለ።

«ይሄ ምንድን ነው የወጋኝ?» አሉ አባባ ባሮክ ከጨለማው ውስጥ።

«ይቅርታ አባባ» አሉ ጋሽ ናታን። «የወንበሬ እግር ነው።»

«ወንበርህ ጀርባህ ላይ ምን ይሠራል?»

«ታሥሬበት ነው።»

«ማን አሠረህ?»

«ሽታዬ ናት። እንዳልነሣልዎት።» ከዚያ ጋሽ ናታን በጨለማ፣ ጎንበስ እንዳሉ፣ ሁሉንም ተናገሩ፦ መብራቱን፣ መሐንዲሱን፣ መመሪያውን፣ የተነሣባቸውን ነገር ሳይቀር። ሲጨርሱ አንድ የሚያፏጭ ድምፅ መጣ፤ አባባ ባሮክ ሲስቁ ነበር። ሳቃቸው ሳል ሆነ፣ ሳሉ መልሶ ሳቅ ሆነ።

«እና ታሥራችሁ፣» አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ፣ «ታሥራችሁ፣ ከነእስራታችሁ ተነሣችሁልኝ? ለእኔ እንኳን ወንበር ልጆቼም ተነሥተውልኝ አያውቁ! ኧረ ከዚህ ቤት ያላገባን ከየት ልናገባ ነው? ትእዛዙ ከላይ ነው ያልኩት ሰውዬ እኔ ነኝ፤ አሁን እዚሁ በጨለማው ውስጥ አንሥቼዋለሁ። ወይዘሮ ኤልዳና፣ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን!»

እትዬ ኤልዳና አፋቸውን ሳይከፍቱ ከጓዳ የሽታዬ ድምፅ መጣ። «እናቴን ማን ይቀመጥላታል? እሱን ሳትነግሩኝ አልሄድም!»

ሙሽራ በሽምግልና መሐል ስትናገር በሰፈሩ ተሰምቶ አያውቅም። ግን ጨለማ ስለነበር ማንም እንዳልሰማ መሆን አልከበደውም፤ ጥያቄውን ራሳቸው እንዳሰቡት አድርገው ተቀበሉት።

«እውነት ግን፣ ማን ይቀመጥልዎታል?» አሉ አባባ ባሮክ።

«እድሩ አለ አይደል?» አሉ ጋሽ ናታን፣ ቅር ብሏቸው። «ሲሞትብን ሦስት ቀን የምንቀመጥ ሰዎች በሕይወት ላለ ሰው መቀመጥ ያቅተናል? ሰኞ የእኔ ነው። ከመቀመጥ ሌላ የሚሆንልኝ ሥራም የለም።»

«ማክሰኞ እኔ» አለ አንድ ድምፅ ከግድግዳው ጥግ። «ረቡዕ ለኔ ይሁን፣ ሹራቤን ይዤ እመጣለሁ» አሉ እኚያ ሁልጊዜ የሚዘገዩት አክስት። ሐሙስና ዓርብ ተሻሙበት፤ ለቅዳሜ ሁለት ሰው ተመዘገበ።

«እሑድ የእኔ ነው» አሉ አባባ ባሮክ። «እሑድን የነካ ይወቅልኝ።»

እትዬ ኤልዳና በጨለማው ውስጥ ወደ ጓዳው በር ዞሩ። «ሰጥተናል።»

«እንግዲያማ እንቀመጣለን!» አሉ አባባ ባሮክ። በዳበሳ ተቀመጡ፤ ወንበሮቹ አንድ በአንድ ወለሉን ነኩ። መብራቱም ቀስ ብሎ፣ በዚያ በታወቀ ክብሩ፣ በራ።

ሁሉም ሰው ፀጉሩ ተንጨባሯል። አንደኛው ሽማግሌ ጋሽ ናታን ጭን ላይ ነበሩ። ሽታዬ ወጉን ረስታ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። እትዬ ኤልዳና ደግሞ ያለቅሱ ነበር፤ ዝም ብሎ የሚወርድ እንባ ሳይሆን ትከሻ የሚነቀንቅ፣ አፍንጫ የሚያፈስ፣ በሰው ፊት የማይለቀስ ልቅሶ። ነጠላቸውን ፈለጉ፤ ነጠላው ከወንበሩ እግር ጋር ተተብትቧል። ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ያ ብርሃን ግን ተነድፎ የተሠራው ምንም እንዳይሸፈን ነው።

አባባ ባሮክ አዩአቸው። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ።

«ኖር!» አሉ፣ ማንም ሳይገባ፤ ተነሡም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። ጋሽ ናታን ከነወንበራቸው ተነሡ፣ አክስትየው ተነሡ፣ ሁሉም ተነሡ። መብራቱ ጠፋ። እትዬ ኤልዳና እስኪወጣላቸው አለቀሱ፤ እስኪጨርሱ ድረስ አንድም ሰው አልተቀመጠም።